የሲስተር ሐዋ ሁለተኛ መስመር

ሲስተር ሐዋ ጡረታ ወጥታ ባቱ ከተማ ሐይቅ ዳር ልጇ ቤት ከገባች ሁለት ወር ሆናት። ባለፈው እሑድ ደውላ «ዓሣ ሰለቸኝ፤ ሐይቁም ከመስኮት ሲያዩት ነው የሚያምረው፣ ሲጠጉት ትንኝ ብቻ ነው» አለችኝ። እየሳቅኩ አወራኋት። ስልኩን ስዘጋ ግን እንባዬ መጣ። ሰው በደህና እያለ ይለቀስለታል እንዴ? እኔ አለቀስኩላት።

በማግስቱ መሳቢያዋን አጽጂ ተባልኩ። የደረቀ የመንደሪን ልጣጭ፣ የማይጽፍ ቀይ እስክርቢቶ፣ የታጠፈች ፎጣና ጫፉ የተሰበረ የእንጨት ማስመሪያ አገኘሁ። ሌላውን ጣልኩና ማስመሪያውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደከተትኩት ለመናገር ስለ ሴትየዋ መናገር አለብኝ።

እኔ አዳማ ውስጥ በአንድ የግል የምርመራ ማዕከል ካርድ ክፍል እሠራለሁ። ሲስተር ሐዋ የጡት ራጅ የምታነሣዋ ባለሙያ ነበረች። ወሎ ተወልዳ፣ በሥራ ተዛውራ አዳማ መጥታ፣ እዚሁ አግብታ ወልዳ የቀረች ናት። መጀመሪያ ነርስ ስለነበረች ራጅ ክፍል ከገባችም በኋላ «ሲስተር» መባሉ አልለቀቃትም። አጭር ናት፤ ረጅም ሴት ስትመጣ የለስላሳ ሣጥን ገልብጣ እላዩ ላይ ትቆማለች። መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ ስትፈልገውም ሁልጊዜ ጠረጴዛው ላይ ነው የምትፈልገው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን በዕድሜዋ አክብሬ አንቱ ብላት «በአንድ ቀን አሥር ዓመት ጨመርሽብኝ» ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ በኋላ አንቺ አልኳት።

ማሽኑ ላይ ጡት የሚያርፍበት ሰሌዳ ቀዝቃዛ ነው። በሚያዝያ ፀሐይ ከመናኸሪያ በእግሯ የመጣች ሴት ልብሷን አውልቃ ወደ ሰሌዳው ስትጠጋ ክው ትላለች። ሲስተር ሐዋ ትከሻዋን መታ መታ አድርጋ «አብሽሪ የኔ እናት፣ አዳማ ውስጥ ይህን የሚያህል ቅዝቃዜ ሌላ የትም አታገኚም» ትላታለች። «ሲጫነኝ ያማል?» ለምትላት ደግሞ መልሷ ያው ነው፤ «እንደ ጠባብ ጫማ ነው፤ ወዲያው ታወልቂዋለሽ።» ፈርታ የገባች ሴት ስትስቅ እኔ መስኮቴ ጋ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። የራጅ ክፍል እንዲህ የሚሳቅበት ቦታ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ፎቶው ኮምፒውተሩ ላይ ሲወጣ ለተነሣችው ሴት ሳታሳይ አትለቃትም። ውጤቱን የሚጽፈው ሐኪሙ ነው፤ እሷ ግን ሴት የገዛ ጡቷን አይታ መሄድ አለባት ባይ ነች። «ይኸውልሽ፣ ጥቁሩ ስብ ነው። ነጩ ወተት የሚሠራው ዕጢና ዕጢውን ደግፎ የያዘው ሥጋ ነው። ነጩ ከበዛ ጥቅጥቅ ያለ ጡት እንለዋለን። በሽታ አይደለም፣ ተፈጥሮ ነው፤ ግን ጠንቀቅ ማለት ይፈልጋል። እብጠትም ፎቶ ላይ ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው። ጥቁር ሻርፕ ላይ የወደቀ ሩዝ ከሩቅ ታዪዋለሽ። ነጭ ነጠላ ላይ ቢወድቅስ?» ትላለች። ከዚያ ጣቷን አንሥታ ትጨርሳለች፤ «አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም።»

ይህችን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምሰማት አትጠይቁኝ። አንዳንዴ ቤቴ ውስጥ ቁልፍ ሲጠፋብኝ ራሴን በእሷ ድምፅ «አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም» ስል አገኘዋለሁ።

አንድ ቀን ከወንጂ የመጣች ሴት ደረቷን ነፍታ «የኔ ገና እንደ ኮረዳ ጠንካራ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ የሚባለው እሱ መሆን አለበት» አለች። ሲስተር ሐዋ አነሣቻትና አሳየቻት። ፎቶው ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው። «አየሽ፣ እጅ ይህን አያውቅም። ቢቆምም ቢወድቅም፣ ትልቅም ቢሆን ትንሽ፣ ውስጡን የሚያውቀው ራጁ ነው።» ሴትየዋ ትንሽ ቅር ብሏት «ታዲያ የማን ነው ነጭ የሚሆነው?» አለቻት። «መጀመሪያ ከዘር ነው። እናትሽ፣ አክስቶችሽ እንዲያ ከሆኑ አንቺም ልትሆኚ ትችያለሽ። ቀጥሎ ሆርሞን አለ። ወጣትነት ያነጣዋል፣ እርግዝና ያነጣዋል። መውለድ፣ ማጥባት፣ ዕድሜ ደግሞ ቀስ በቀስ ያሳሳዋል።» ሴትየዋ ስድስት እንዳጠባች ነግራን በኩራት ወጣች።

ሆርሞን ሲነሣ ወይዘሮ አስናቀችን ካልተናገርኩ ሲስተር ሐዋ ትቀየመኛለች። ወይዘሮ አስናቀች ሞጆ ላይ የከባድ መኪና ሹፌሮች የሚበሉበት ምግብ ቤት አላት። ዓመት ጠብቃ የምትመጣ ደንበኛችን ናት። አንድ ዓመት ፎቶዋ ካምናው ይልቅ ነጥቶ ወጣ። በሃምሳ አራት ዓመት ነጩ መሳሳት ሲገባው የእሷ ወደ ኋላ ሄደ።

«አስናቀች፣ ምን ስትወስጂ ከረምሽ?» አለቻት ሲስተር ሐዋ።

«ምንም።»

«ሙቀቱስ እንዴት ነው?»

«ተዪኝ እቴ፣ እሱማ ሦስት ዓመት አቃጠለኝ። ሰው ሁሉ የሞጆ ሙቀት ነው ይለኛል። እኔም አምኜ አሰላ እህቴ ቤት ሄድኩ። እዚያ ብርድ ሰው ሁሉ ጋቢ ደርቦ፣ እኔ ብርድ ልብሱን ወርውሬ በላብ ተነሣሁ። እህቴ ሙቀቱን ይዘሽብን መጣሽ አለችኝ። አሁን ግን ተመስገን፣ ልጄ ከዱባይ ኪኒን ልካልኝ ቀዘቀዝኩ።»

«ምንም አልወሰድኩም አላልሽም?»

«እሱ እኮ መድኃኒት አይደለም፣ የሙቀት ነው።»

ሲስተር ሐዋ ሣጥኗ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ኪኒኑ የወር አበባ ሲቆም ሰውነት የሚያጎድለውን ሆርሞን የሚተካ ነበር፤ ጡቷን መልሶ ያነጣው እሱ ነው። «ክፉ መድኃኒት ነው አልልሽም። ግን ሐኪም ሳያይሽ እንደተላከ በርበሬ ዝም ብለሽ አትቃሚው» ብላ እጇን ይዛ ሐኪሙ ዘንድ አስገባቻት። ከዚያ ወዲህ ሃምሳ የሞላት ሴት በገባች ቁጥር «ሙቀቱ የአዳማ ነው ወይስ የራስሽ?» እያለች ትጠይቅ ጀመር። ሴቶቹም ተራ ሲጠብቁ እርስ በርሳቸው ይጠያየቁበታል።

አሁን ወደ ማስመሪያው ልምጣ።

ቅጻችን ላይ «በእናት በኩል የጡት ሕመም አለ?» የሚል ጥያቄ አለ። ሲስተር ሐዋ ይህን ጥያቄ አትወደውም ነበር። ድሮ አንዲት ሴት «እናቴ ጤነኛ ናት፤ ይኸው ውጭ ተቀምጣለች» ብላት እሷም አምና ጻፈች። ኋላ ሲጣራ ውጭ የተቀመጠችው አክስት ኖራ ወላጅዋ በጡት ሕመም ከሞተች ቆይቷል። ሴትየዋ አልዋሸችም። ያሳደገቻትን እናቴ አለች፣ እኛ አገር ሌላ ምን ትባላለች? ስለዚህ ሲስተር ሐዋ የራሷን ጥያቄ አወጣች፣ እኔንም አስተማረችኝ። «እናትሽ ማን ናት አትበያት። ማንን ትመስያለሽ በያት። ማንንም ሳታስቀይም ትነግርሻለች።» እውነትም ሴቶቹ «እናቴን አልመስልም፣ የሞተች እህቷን ነው አሉ፤ እሷ ናት የወለደችኝ» እያሉ ራሳቸው ያወጡታል። እኔም ካርድ ሳወጣ ይህን ሳልጠይቅ ያሳለፍኳት ሴት አልነበረችም። ከአንዷ በቀር።

ያቺ አንዷ እህቴ አያንቱ ናት። በአራት ዓመት ትበልጠኛለች፣ መናኸሪያው አጠገብ ፓፓያና ሙዝ ትሸጣለች። እማዬ ወልዳ ሳይሆን በጉዲፈቻ ነው ያገኘቻት። ጉዲፈቻ በእኛ ቤት የወረቀት ጉዳይ አይደለም። ልጅ የተቀበለች እናት በሽማግሌ ፊት ቃሏን ትሰጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ልጁ የቤቱ ነው። «የሌላ ነው» ያለ ሰው ያንን ቃል አፈረሰ። እኔ ያወቅኩት በአሥር ዓመቴ አክስቴ አምልጧት ስትናገር ነው። እማዬ ጆሮዬን ይዛ «ይህ ነገር ከአፍሽ ከወጣ ልጄ አይደለሽም» አለችኝ። ማንኛችን ልጇ እንደሆንን ግራ ገብቶኝ አለቀስኩ። አያንቱ አታውቅም ብለን ኖርን።

የዛሬ አምስት ዓመት እኔና አያንቱ በአንድ ቀን የጡት ራጅ ተነሣን። እማዬ ውጭ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሆና ጠበቀችን። የአያንቱን ካርድ እኔው ሞላሁ። በእናት በኩል ሕመም፣ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ማንን ትመስያለሽ አላልኳትም። የኔ ፎቶ አብዛኛው ጥቁር ሆነ፤ አራት ልጅ አጥብቻለሁ። አያንቱ አንድ ነው የወለደችው፤ የሷ እንደ ኖራ ነጭ ወጣ። ሐኪሙ «ምንም አልታየም፣ ከዓመት በኋላ ትመለስ» ብሎ ጻፈ። ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ሳጥፍ ሲስተር ሐዋ ጠራችኝ።

«ሌንሳ፣ አያንቱ ማንን ነው የምትመስለው?»

«ፎቶአችን ስለተለያየ ነው?» አልኳት፤ ድምፄ ቆጣ ብሏል።

«አይደለም። ከአንድ እናት የወጡም ይለያያሉ፣ አንቺም አራት ወልደሻል። ከፎቶ ተነሥቼ አልፈርድም። ግን ካርዷ ላይ ማንን እንደምትመስል የምትጽፊበት ቦታ ባዶ ነው። ይህን ጥያቄ ስትዘዪ አይቼሽ አላውቅም።»

«እኔን ትመስላለች» አልኩና ወጣሁ። ሦስት ቀን አላናገርኳትም። የሰው ቤት ገመና ምን አገባት አልኩ። እሷ እንደወትሮዋ ጠዋት ጠዋት መንደሪን ጠረጴዛዬ ላይ ታስቀምጣለች፤ እኔ ሳልልጠው አሳድራለሁ። ማታ ግን እንቅልፍ የለኝም። ነጭ ነጠላ ላይ የወደቀ ሩዝ እያልኩ እገላበጣለሁ። የማደርገው ጠፋኝ፤ ብናገር እናቴን፣ ዝም ብል እህቴን ላጣ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ከሥራ ስመለስ ሲስተር ሐዋን በረንዳችን ላይ አገኘኋት። መንደሪን ይዛ መጥታለች። እማዬ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች።

«አካም ጅርቱ አዴ?» ትላለች ሲስተር ሐዋ፣ በተሰባበረ ኦሮምኛዋ፤ እንዴት ነዎት እናቴ ማለቷ ነው።

«ፈያ፣ ነጋ። ተቀመጪ ልጄ።»

ሲስተር ሐዋ ጎንበስ ብላ ምስሩን አብራ መልቀም ጀመረች። ጥቂት ጠጠር ለቅማ ከጣለች በኋላ ተናገረች። «አዴ፣ ልለምንዎት ነው የመጣሁት። አያንቱ የእርስዎ ልጅ ናት። አይደለችም የሚል ቢመጣ እኔም ከጎንዎ ቆሜ እጣላዋለሁ። ግን ማሽናችን ቃል ኪዳን አያውቅም። ያየነው ነጭ በነጭ ነው። በዘሯ ሕመም ካለ ዓመት ጠብቂ ብለን አንለቃትም፣ በሌላ መሣሪያ እናያታለን። ከሌለ እሰየው። ሌንሳ ምንም አልነገረችኝም፣ ወላሂ። ዝም ማለትዋን አይቼ ነው።»

የእማዬ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ። እናቴን እንደዚያ ፈርታ አይቻት አላውቅም።

«ተናግሬ ልጄ ጥላኝ ብትሄድስ?» አለች።

«አርባ ሰባት ዓመት ያልሄደች ዛሬ የት ትሄዳለች?»

እማዬ ምስሩን እያየች ተናገረች። «ጓደኛዬ ነበረች። ደራ አብረን አድገን አንድ ምንጭ ነው የቀዳነው። ጡቷ ላይ እብጠት ወጣ፤ ወጣት ናት፣ ለሰው ማሳየት አፈረች። ኋላ ቆሰለ። ልጇ ቆማ ሳትሄድ በገዛ እጇ ሰጠችኝና ሞተች።» ይህን ሁሉ ስታወራ «እሷ» እያለች ነው። ስሟን አንድም ጊዜ አልጠራችም። ቃሏን የቻለችውን ያህል እየጠበቀች እንደሆነ ገባኝ።

ይህን ጊዜ ከኋላዬ «ስለ ደራዋ ነው የምታወሩት?» የሚል ድምፅ ሰማን። አያንቱ ነች፤ ያልተሸጠ ፓፓያ በፌስታል ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

ፓፓያውን አስቀመጠችና እማዬ አጠገብ ተቀመጠች። «ሃያ ዓመቴ ላይ ደራ ገበያ ሽንኩርት ላስጭን ሄጄ አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው አለቀሱ። ቁርጥ እሷን ነሽ አሉኝ። የምን እሷ ብዬ ጠየቅኩ፣ ነገሩኝ። ሽንኩርቴን አስጭኜ መጣሁ። በምን እንደሞተች ግን አልጠየቅኩም።»

«ለምን ሳትነግሪኝ ኖርሽ?» አለቻት እማዬ።

«እንዳታዝኚ ነዋ። አንቺስ?»

«እንዳታዝኚ።»

ከዚያ ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ። ሲስተር ሐዋ አላስቻላትም። «ያ አላህ፣ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሆናችሁ አንድ ምስጢር ስትደባበቁ!» ብላ ከት ከት ብላ ሳቀች። መጀመሪያ አያንቱ ሳቀች፣ ከዚያ እኔ፣ በመጨረሻ እማዬ እየሳቀች አለቀሰች። አያንቱ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት። ምስሩ ግማሹ መሬት ላይ ተበተነ።

ሰኞ ጠዋት አያንቱ አልትራሳውንድ ታየች። ከነጩ ሥር፣ እጅ የማይደርስበት ቦታ፣ ከምስር ብዙም የማትበልጥ ነገር ተገኘች። ናሙና ተወሰደ፣ ክፉው፣ ካንሰሩ ነበረ። አዲስ አበባ ሄዳ ወጣላት። መድኃኒቱ ከበዳት፤ ፀጉሯ ረግፎ ሲበቅል ተጠቅልሎ በቀለና «በነፃ ተተኮስኩ» እያለች ደንበኞቿን ታስቅ ነበር። ሐኪሞቹ በጊዜ ተደረሰበት አሉን። ሲስተር ሐዋ በጊዜ የተደረሰበት በእሷ ምክንያት እንደሆነ አንድም ቀን አላወራችም። ያደረገችው ይህን ብቻ ነው፤ አያንቱ ከታየችበት ቀን ማግስት ቁልል ባዶ ቅጾች አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች፣ ማስመሪያዋን አወጣች፣ «የእናት ስም» ከሚለው መስመር ሥር በቀይ እስክርቢቶ ሁለተኛ መስመር አሰመረች። ቅጹ ሁሉ እስኪያልቅ ስታሰምር ዋለች። አዲስ ቅጽ በመጣ ቁጥር እንዲሁ፣ እስክትሄድ ድረስ።

እሷ ከሄደች በኋላ ቅጹ በኮምፒውተር የሚታተም ሆነ። ንጹሕ ነው፣ ያምራል፤ ለእናት ግን አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው።

ትናንት አያንቱ ለዓመት ምርመራዋ መጣች። እማዬም አብራት መጥታ ያችው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ ጆሮዋ ደክሟል ቢባልም የፈለገችውን ትሰማለች። አዲሱን ቅጽ አውጥቼ እህቴን እንደማንኛዋም ሴት ጠየቅኳት።

«ማንን ትመስያለሽ?»

አያንቱ ወደ አግዳሚው ዞራ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እማዬን» አለች። «ጻፊ።»

የእማዬን ስም መስመሩ ላይ ጻፍኩ። ከዚያ ቦርሳዬን ከፍቼ ጫፉ የተሰበረውን ማስመሪያ አወጣሁና ከሥሩ ሁለተኛ መስመር አሰመርኩ። እስክርቢቶውን እንደያዝኩ ቆምኩ፤ በዚህ ሁሉ ዓመት የደራዋን ሴት ስም የነገረኝ ሰው የለም። እማዬ ከዘራዋን ተደግፋ ተነሣች፤ ቀስ እያለች መስኮቴ ድረስ መጣች፤ ወረቀቱን አየችው።

«ቶለሺ» አለች። «ቶለሺ ዋቆ። አስተካክለሽ ጻፊው።»